የብርሃን ሙሽራ

ይህን ታሪክ ፈጠራ ነው የሚለኝ ሰው ቢመጣ ደስ ይለኛል። እውነት ባይሆን ከማንም በላይ የምደሰተው እኔ ነኝ።

ግን ሆኗል...

የሆነውም በጨለማ አይደለም። ጠራራ ፀሐይ ነበር። እኩለ ቀን ላይ፣ ከሜሪዳ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የድሮ የቃጫ እርሻ ግቢ ውስጥ፣ ሠርገኛው ተሰብስቦ ጊታር እየተመታ።

ሌሊትን የሚፈሩ ሰዎች ያስቀኑኛል። ለሌሊት መብራት ይበራለታል። ቀትር ላይ ምን ታበራላችሁ?

ሊግያ እባላለሁ። ሥራዬ ሠርግ ፎቶ ማንሳት ነበር። የሰፈር ሠርግ አይደለም። ከካናዳና ከቴክሳስ አውሮፕላን ተሳፍረው እኛ አገር መጥተው የሚሞሸሩትን ነው። አገራቸው ቤተ ክርስቲያን የጠፋ ይመስል፣ አሮጊት አክስቶቻቸውን ሳይቀር በዩካታን ሙቀት ሊያቀልጡ ይዘዋቸው ይመጣሉ።

እናንተ ፎቶው ላይ ፈገግታውን ታያላችሁ። እኔ የማየው ከፈገግታው በፊት ያለውን ነው። ሙሽራዋ ከእናቷ ጋር ስትጨቃጨቅ፣ ሙሽራው ከማድ ቤቱ ጀርባ ጎንበስ ብሎ ሲያስመልስ፣ ሚዜዎቹ ሲተማሙ። ከዚያ "ዝግጁ?" እላለሁ... ሁሉም ፊቱን ያስተካክላል።

ስለዚህ የሰው ፊት ሳይዘጋጅ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ ብዬ እኮራ ነበር።

የላንዲን ግን አላየሁም።

ላንዲ የሠርግ አዘጋጅ ናት። ይህን ሥራ ያስጀመረችኝ እሷ ናት። ከሁሉም በላይ ደግሞ አበልጄ ናት። ልጄን ዙሌሚን ክርስትና ያነሳችልኝ እሷ ናት። ዙሌሚ ሦስት ወር ሲሆናት፣ እንደ ደንባችን ለመጀመሪያ ጊዜ በጎኗ አንፈራጣ አቅፋ ጠረጴዛውን የዞረችውም እሷ ናት። በዚያን ቀን ሕፃኗ ስታድግ የምትሠራበትን ነገር ያስጨብጧታል። ሌሎቹ መርፌና እርሳስ አስጨበጧት። ላንዲ የካሜራዬን ሌንስ ክዳን ሰጠቻትና ቤቱ በሳቅ ሞላ።

እንዲህ ያለች ሰው ነበረችኝ።

በእኛ ሥራ አንድ ልማድ አለ። ሙሽሮቹ ከመምጣታቸው በፊት ብርሃኑን ለማየት አንድ ሰው በሙሽራዋ ቦታ ይቆማል። ነጭ ጨርቅ ፀሐይ ሲያርፍበት ካሜራን ስለሚያታልል፣ የሙሽራዋ ዓይነ ርግብ ይደፋለታል። በዚህ መንገድ የቆመውን ሰው "የብርሃን ሙሽራ" እንለዋለን።

የእኛ የብርሃን ሙሽራ ሁልጊዜ ላንዲ ነበረች።

"ስንቴ ተሞሸርኩ፣ አንድ ባል እንኳን አልደረሰኝም" እያለች ታስቀን ነበር።

እንስቃለን እንጂ ሳቁ ቁስል ይነካ ነበር። ላንዲ ሁለት ጊዜ ታጭታ ሁለቱም እጮኞቿ ሞተውባታል። መጀመሪያ ሬኔ ሞተ። ቀትር ላይ ጋደም ብሎ በመረብ አልጋው ላይ እንዳለ አልነቃም። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ሬሳውን ያጠቡት እናቱ ግን ከአፉ ውሃ አላቆም አለ ብለው ይምሉ ነበር... እኛም ኀዘን ነው እንዲህ የሚያናግራቸው አልን።

ከዓመታት በኋላ ኤድጋር ሞተ። ዛፍ ጥላ ሥር ባቆመው መኪናው ውስጥ፣ እሱም ቀትር ላይ። ወንበሩ ርሶ ነበር። ወሩ ጠብታ ዝናብ የማይወርድበት ነው። ላብ ነው ተባለና ተቀበረ።

ከዚያ ዊልበርት መጣ። ራሰ በራ፣ ዝምተኛ፣ የመኪና ጎማ ነጋዴ ነው። ላንዲ አርባን አልፋ እንደ ኮረዳ ወደደችው። ሠርጋቸው ተቆረጠ። ፎቶውን የማነሳው እኔ ስለነበርኩ፣ ለእሷ ደስታ ከእሷ እኩል እንቅልፍ አጣሁ።

ያ የእርሻ ግቢ ሥራ የመጣው በዚህ መሀል ነው።

ከአንድ ቀን በፊት ላንዲ መልእክት ላከችልኝ። "የሙሽራዋ ቤተሰቦች ሠራተኛው ሁሉ ነጭ ይልበስ ብለዋል። እንዳትረሺ።"

ገረመኝ። ፎቶ አንሺ ጥቁር ነው የሚለብሰው። ከሙሽራዋ ጋር እንዳንምታታ፣ ፎቶ ውስጥም ጎልተን እንዳንታይ ነው። ግን የሰው ሠርግ ነው፣ የፈለጉትን ይዘዙ ብዬ ነጭ የበፍታ ሸሚዝና ነጭ ጉርድ ለበስኩ።

ባሌ ሄርሚሎ ቡናውን ይዞ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ነገርን ያለ ቀልድ አይጀምርም።

"ዛሬ ደግሞ ማንን ልታገቢ ነው?"

"ካንተ የተሻለ ከተገኘ" አልኩት።

"ከተገኘ ምሳዬን ሠርተሽልኝ ሂጂ።"

ስቄ ወጣሁ። ያቺን ቀልድ አሁን ባስታወስኳት ቁጥር ምላሴን መቁረጥ ያምረኛል።

ግቢው ስደርስ አስተናጋጁ፣ አበባ ደርዳሪው፣ ጊታር መቺው ሁሉ ጥቁር ለብሷል።

ላንዲም ጥቁር ለብሳለች።

"ውይ፣ ማታ ሐሳባቸውን ቀየሩ እኮ" አለች፣ ከወንበሮቹ ሪባን ላይ ቀና ሳትል። "ልነግርሽ ረሳሁ።"

ላንዲ ነገር የምትረሳ ሰው አይደለችም። የሙሽራውን እናት የመድኃኒት ሰዓት ሳይቀር በቃሏ የምትይዝ ሴት ናት። ግን አመንኳት።

ካሜራዬን ላዘጋጅ ወደ ማድ ቤቱ ጥላ ገባሁ። ኮቺኒታ የምንለውን የአሳማ ጥብስ የሚሠሩት ሴቶች ጨዋታቸውን አቆሙ። አንዷ ምንም ሳልጠይቃት ትኩስ ቸኮላት በኩባያ ቀድታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። እንዲህ አድርገን የምንሰጠው ለሙሽራ ነው።

"ሙሽራዋ ላይ ቤት ናት፣ እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ" አልኳት።

ኩባያውን ይበልጥ ወደ እጄ ገፋችው። ጓደኛዋ በማያኛ "ትጠጣው፣ ተያት" አለቻት። አባቴ በማያኛ ሲቆጣን ስላደግኩ ያን ያህል እሰማለሁ።

ከኋላዬ አንዷ ስታማትብ በሌንሴ መስታወት አየሁ።

ሙሽሮቹ ኬልሲና ግራንት ይባላሉ፣ ከካልጋሪ ነው የመጡት። ከሩቅ ያመጣቸው በግቢው ውስጥ ያለው ሴኖቴ ነው። ጣሪያው አንድ ቦታ ላይ የተቀደደ ትልቅ ዋሻ ነው፣ ሥሩ ውሃ። ቀኑን ሙሉ ድንግዝግዝ ብሎ ይውላል። ቀትር ላይ ብቻ ፀሐይ በቀዳዳው ልክ ስትቆም፣ አንድ ዘንግ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይወርድና መሀል ውሃ ያለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያርፋል። ወዲያው ደግሞ ያልፋል።

ኬልሲ ያን ብርሃን ለ"መጀመሪያ እይታ" ፈለገችው።

እሱም የፈረንጆቹ ልማድ ነው። ሙሽራው ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። ሙሽራዋ ከኋላው ቀስ ብላ ትመጣና ትከሻውን ትነካዋለች። ያኔ ይዞርና በቬሎ ያያታል። ለእያንዳንዱ ሙሽራ የምለውን እንቅልፌም ላይ ብትጠይቁኝ አልስተውም። "እጆችህን ወደታች ልቀቅ። እስክትነካህ አትዙር።"

እንዲህ የቆመ ወንድ ጀርባ ልዩ ነው። ትከሻው ይጠብቃል። አንገቱ ያዳምጣል። ከየትም ባየው አውቀዋለሁ።

ከሙሽሮቹ ቀድመን ላንዲና እኔ ወደ ሴኖቴው ወረድን። አፉ ላይ የግቢው ጠባቂ ዶን ፊደንሲዮ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። ሽማግሌ ናቸው፣ ሲናገሩ ሰው አያዩም።

"ሙሽራዋ የትኛዋ ናት?" አሉ።

ልስቅ ስል ላንዲ ቀደመችኝ።

"እሷ ናት" አለች፣ በአገጯ ወደ እኔ እያመለከተች።

የብርሃን ሙሽራ ማለቷ መሰለኝ... ለነገሩ ማለቷም ነበር።

ደረጃው እርጥብና ቀዝቃዛ ነው። ላንዲ ከውሃው በላይ ባለችው ደረቅ ደረጃ ላይ ቆመች።

"ዛሬ አንቺ ቁሚልኝ" አለች። "ጉልበቴን አሞኛል።"

ጠዋት ወንበር ተሸክማ ስትሮጥ አይቻታለሁ።

"ካሜራውንስ ማን ይይዘዋል?"

"እኔ አልይዝልሽም? ሁለት ደቂቃ ነው፣ አበልጄ።"

ካሜራዬን ለማንም አልሰጥም። ለሄርሚሎም ሰጥቼ አላውቅም። ለላንዲ ሰጠኋት።

ዓይነ ርግቡን በገዛ እጇ ደፋችልኝ። ማበጠሪያውን ፀጉሬ ላይ ለመሰካት ሦስቴ ሞከረች። ሠርጓ ስለደረሰ ሆዷ ባብቶ ነው ብዬ ጉንጯን ሳምኳት።

ሳምኳት... ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ።

ውሃው ላይ በተጋደመው ጣውላ ተሻግሬ ድንጋይዋ ላይ ወጣሁ። ፊቴ ወደ ላንዲ፣ ጀርባዬ ወደ ጨለማው ግድግዳ ነው። ከኋላዬ ሰው የሚመጣበት መንገድ የለም። ውሃና ድንጋይ ብቻ ነው።

ብርሃኑ ወረደ። ዓይነ ርግቡ በአንዴ ነጣና ከጨርቁ ውጭ ያለው ሁሉ ደበዘዘብኝ።

ከላይ የዶን ፊደንሲዮ ድምፅ መጣ። ወደ ውሃው ነው የሚጣሩት። በማያኛ "መጣችልህ" ሲሉ ሰማሁ። ለጥቀው ስም ጠሩ።

"ሊግያ ኤውፌሚያ ቻብሌ ካንቼ።"



ኤውፌሚያ የክርስትና ስሜ ነው። ስለማልወደው አልጠቀምበትም። መታወቂያዬ ላይም የለም። ሄርሚሎ እንኳን አያውቀውም። በሕይወት ካለ ሰው የነገርኩት ለላንዲ ብቻ ነው። የዙሌሚ ክርስትና ዕለት ከቄሱ ፊት ቆመን ሳቅ ሲያፍነን፣ በጆሮዋ ነው የነገርኳት።

"ላንዲ... ስሜን ማን ነገራቸው?"



ጣሪያው ሥር የሚንጫጩት ወፎች ዝም አሉ። ከዋሻው ጫፍ የሚንጠባጠበው ውሃም ቀጥ አለ።

ከዚያ ከኋላዬ የተነሳ የውሃ ቀለበት ድንጋይዋን ዞሮ በእግሬ ሥር አለፈና ወደ ፊት ሄደ። ቀስ ብሎ። አንድ ነገር ሳይቸኩል ከውሃው ሲወጣ የሚፈጠር ዓይነት ነው።

"ላንዲ... ከኋላዬ ሰው አለ?"

"አትዙሪ።"

"ማን ነው?"

"አትዙሪ፣ አበልጄ። ዝም በይ... አሁን ያልቃል።"

እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ።

ከባድ ነው። ቀዝቃዛ ነው። አልጨመቀኝም፣ አልጎተተኝም። ያስፈራኝም ይህ ነበር። በጣም ለስላሳ አነካክ ነው... ለዓመታት ሙሽሮችን እንዲህ ንኩ እያልኩ ያስተማርኩት ዓይነት።

ውሃው በሸሚዜ አልፎ ጀርባዬን ወረደ።

በዓይነ ርግቡ ውስጥ ላንዲን ፈለግኳት። ካሜራው በማንጠልጠያው ተንጠልጥሎ መሬት መሬት ያያል። አንድም ፎቶ አላነሳችም። ለማንሳትም አላሰበችም። ዓይኗን ከእግሯ ጫፍ ላይ ተክላ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

"ይቅር በይኝ... ይቅር በይኝ... ይቅር በይኝ..."

ያኔ ነጩ ልብስ፣ ቸኮላቱ፣ የጉልበቷ ሕመም፣ ስሜ መጠራቱ በአንዴ ገባኝ። ከእጁ ይልቅ የከበደኝ ያ ነው።

ከላይ የኬልሲ ሳቅ ተሰማ። ቬሎዋን ሰብስባ እየወረደች፣ ጊታር መቺዎቹ ከኋላዋ ናቸው። እጁ ተነሳ። ብርሃኑም ከድንጋይዋ ላይ መሸሽ ጀመረ።

ዞርኩ። ማንም የለም። ውሃው መስታወት መስሎ ረግቷል።

ራሴን ዳሰስኩ። ዓይነ ርግቡ የለም። ማበጠሪያው ሲነቀል እንኳን አልተሰማኝም። ውሃው ላይም አልተንሳፈፈም፣ ሥሩም አይታይም።

ኬልሲ ዓይነ ርግቧ ጠፋ ብላ እንዳትጮህ ስሰጋ፣ ላንዲ ከቦርሳዋ ሌላ አወጣች። ልክ አንድ ዓይነት ነው። አጣጥፋ፣ ተኩሳ፣ አዘጋጅታ ነበር የመጣችው።

ሠርጉን አነሳሁ። እንዴት እንዳነሳሁ አትጠይቁኝ። እጄ የለመደውን ሠራ። ኬልሲና ግራንት ምንም አልሆኑም፣ እስከ ዛሬ በበዓል መልካም ምኞት ይልኩልኛል።

እንግዶቹ ምሳ ሲቀርቡ ላንዲን ከአሮጌው የቃጫ መፋቂያ ቤት ጀርባ አገኘኋት። አልሸሸችም።

"ምን አደረግሽኝ?" አልኳት።

"እዚህ ግቢ ነው ሥራ የጀመርኩት" አለች፣ በሹክሹክታ። "ልጅ ነበርኩ። ፎቶ አንሺው ቁሚልኝ አለኝ፣ ቆምኩ። የመጀመሪያዬ ነበር። ትከሻዬን ነካኝ።"

"ማን?"

"ስም የለውም። ዶን ፊደንሲዮ የውሃው ባለቤት ይሉታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሽራው ነኝ። ሌላ ሴት በክርስትና ስሟ ካልተተካች አይለቅም አሉኝ... ሬኔን ወሰደ። ኤድጋርን ወሰደ። ዊልበርትን አልሰጠውም።"

"እና እኔን ሰጠሽው።"

ከወንበሮቹ የተረፈ ሪባን ጣቷ ላይ መጠምጠም ጀመረች።

"ልጄን ያቀፍሽበት እጅ ነው ያንን ጨርቅ የደፋብኝ። ከዚህ ሁሉ ሴት እኔን?"

ያኔ ቀና ብላ አየችኝ። ያልተዘጋጀውን ፊቷን ያየሁት ያኔ ነው። የተጸጸተ ፊት አልነበረም። የቅናት ፊት ነበር።

"አንቺ ባል አግብተሽ ወልደሽ ኖረሽበታል" አለች። "እኔ ገና ነኝ።"

ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

"ቆይ፣ ያልነገርኩሽ አለ" አለች፣ ክንዴን ልትይዝ እየሞከረች። "መጠንቀቅ ያለብሽ..."

"ድምፅሽን መስማት አልፈልግም" አልኳትና ትቼያት ሄድኩ።

ትቼያት ሄድኩ...

ቤት ደርሼ ሸሚዙን አወለቅኩ። ትከሻው ላይ እጅ የሚያህል እርጥበት አለ፣ ጣቶቹ ይለያሉ። አጠብኩት፣ ጨመቅኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሌላው ሁሉ ወዲያው ደረቀ። ያቺ ቦታ አልደረቀችም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም አልደረቀችም። ውሾች ከጥላ በማይወጡበት ሙቀት ማስጫው ገመድ ላይ ተሰቅሎ ጠብ... ጠብ... ይላል።

ለሄርሚሎ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሸሚዙን በጣቱ ነካና ሳቁን ተወ።

"እኔ የሚንጠባጠብ ውሃ ከየት እንደሚመጣ ማግኘት ነው ሥራዬ" አለ፣ ሊያጽናናኝ። "አገኘዋለሁ።"

እኔም ራሴን መጠበቅ ጀመርኩ። ከባሕር ራቅኩ። ገንዳ ያለበት ሆቴል ውስጥ ሠርግ ማንሳት አቆምኩ። ገላዬን እንኳን ቆሜ በኩባያ እየቀዳሁ ነበር የምታጠበው። ቀትር ሲሆን ከግድግዳ ተጠግቼ፣ ጀርባዬን ለማንም ሳልሰጥ እቀመጣለሁ።

ላንዲ በየቀኑ ትደውላለች። አላነሳም። የድምፅ መልእክት ትልካለች። ሳልሰማ እሰርዛለሁ። በመጨረሻ ቁጥሯን ዘጋሁት። ይቅርታዋን ሰምቼ ልቧን ላቀልላት? አላደርገውም አልኩ።

ሠርጓ ደረሰ። አልሄድኩም። ሌላ ፎቶ አንሺ አነሳት። ዊልበርት በላብ እስኪጠመቅ ጨፈረ አሉ። የብርሃን ሙሽራ ሆኖ የቆመ ሰው አልነበረም አሉ... ላንዲ ከልክላ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ።

ቀትር ነው። ዙሌሚ ትምህርት ቤት ናት። ሄርሚሎ ከሥራ መጥቶ ምሳውን በላ፣ "ሩብ ሰዓት ጋደም ልበል" ብሎ ከመኝታ ቤቱ ግድግዳዎች መሀል በተወጠረው የመረብ አልጋ ላይ ተኛ። ሲያንኮራፋ ይሰማኛል። እኔ ጓሮ ሳህን አጥባለሁ።

ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ሥራ መስሎኝ አነሳሁ።

"እንዳትዘጊው" አለች ላንዲ። በዊልበርት ስልክ ነው የደወለችው።

ልዘጋው ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ነበር።

"አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ... ልብስሽ ደረቀ?"

"ምን?"

"እጁ ያረፈበት ልብስሽ። ደረቀ ወይ?"

ወደ ማስጫው ገመድ ዞርኩ። ሸሚዙ በነፋስ ይወዛወዛል። ጠብታ የለም። ከሥሩ ሁልጊዜ ጭቃ የነበረው መሬት ተሰነጣጥቋል። ሄጄ ትከሻውን በመዳፌ ያዝኩት።

ደርቋል። እንደ ወረቀት ደርቋል።

"ደርቋል" አልኳት። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። "ላንዲ፣ ደርቋል እኮ። ለቀቀኝ።"

ከወዲያ ትንፋሿ ተቆረጠ። ማልቀስ ጀመረች።

"የኔ የደረቀው ሬኔ የሞተ ቀን ነው" አለች። "ኤድጋር ሲያጨኝ ያው ልብስ እንደገና ራሰ፣ እሱ የሞተ ቀን ደረቀ። ስነግርሽ የከረምኩት ይህንን ነው... እሱ ሴቶቹን ምንም አያደርግም፣ ሊግያ። እኔን መቼ ጎዳኝ?"

ቧንቧው ክፍት ነው። ሳህኖቹ ላይ ውሃ ይፈሳል።

"ሄርሚሎ የት ነው?" አለች።

ማንኮራፋቱ አይሰማም።

መቼ እንዳቆመ አላውቅም። ስልኩን ጥዬ ሮጥኩ።

የመረብ አልጋው ባዶውን ይወዛወዛል። ከመሀሉ ውሃ እየተንጠባጠበ ወለሉ ላይ ይነጥራል። ከዚያ ተነስተው ወደ ኮሪደሩ የሚሄዱ ሁለት የእርጥብ እግር ዱካዎች አሉ። የሄርሚሎን እግር አውቀዋለሁ... አንደኛው ዱካ የእሱ ነው።

ኮሪደሩ መሀል ቆሟል።

ጀርባውን ሰጥቶኛል። ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። እጆቹ ወደታች ተለቀዋል። ካናቴራው ከትከሻው እስከ ወገቡ ርሶ ሰውነቱ ላይ ተጣብቋል።

"ሄርሚሎ" አልኩት።

አልዞረም።

አንገቱ ትንሽ ዘንበል ብሏል፣ እንደሚያዳምጥ። ትከሻው ይጠብቃል። ይህን ጀርባ ዕድሜዬን ሙሉ ሳነሳው ኖሬያለሁ... እስክትነካህ አትዙር የተባለ ሙሽራ ጀርባ ነው።

ልነካው እጄን ዘረጋሁ።

ከእኔ እጅ ቀድሞ፣ የጠፋውን ዓይነ ርግብ የደፋ ነገር፣ ጫፉ ወለሉን እየጠረገ፣ ከጎኔ ወደ ትከሻው አለፈ።